«ሃቭ» እና ያለ «ሃቭ»፦ ሁለቱም «ሠርቻለሁ» አይደሉም እንዴ?

ሰላም ወገኖች። አንድ የእንግሊዝኛ ጥያቄ አለኝ። «አይ ወርክድ» እና «አይ ሃቭ ወርክድ» ልዩነታቸው ምንድን ነው? ለኔ ሁለቱም «ሠርቻለሁ» ናቸው። ትምህርት ቤት ፕረዘንት ፐርፌክት ተብሎ ተምረነዋል፣ ቀመሩን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ፣ የቱን መቼ እንደምል ግን አላውቅም። አሁን ያለሁበትን ሥራ ሳልለቅ ሌላ እየፈለግኩ ስለሆነ ቃለ መጠይቅ ላይ እንዳልዘባርቅ ፈርቻለሁ። እባካችሁ እህታችሁን በቀላል አማርኛ አስረዱኝ።

መልስ

እህቴ፣ ላንቺ ጉዳይ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ስላለሽበት ሥራ ተጠይቀሽ «አይ ወርክድ ዜር ፎር ስሪ ይርስ» ካልሽ ሰውየው የሚገባው ሦስት ዓመት ሠርተሽ እንደለቀቅሽ ነው። ወዲያው «ለምን ለቀቅሽ?» ቢልሽ አትደንግጪ። «አይ ሃቭ ወርክድ ዜር ፎር ስሪ ይርስ» ካልሽ ግን ሦስት ዓመቴ ነው፣ አሁንም እዛው ነኝ ማለትሽ ነው። ይበልጥ ግልጽ እንዲሆን ከፈለግሽ «አይ ሃቭ ቢን ወርኪንግ» በዪ፣ ያኔ ማንም አይሳሳትም።

የሚያምታታን የራሳችን ቋንቋ ይመስለኛል። «ሠርቻለሁ» ራሱ «ሠርቼ» እና «አለሁ» ተጣብቀው የወጣ ነው፣ የእንግሊዝኛውም በረዳት ግስ የተሠራ ነው፣ ስለዚህ አስተማሪዎቻችን ሁለቱን አጣመሩልን። ችግሩ እኛ «ትናንት ደውዬለታለሁ»፣ «ባለፈው ሳምንት ከፍያለሁ» ብንል ማንም አይስቅብንም። እንግሊዝኛው ይሄን አይቀበልም። ያለቀ ጊዜ ከጠራሽ፣ ትናንትም ይሁን ባለፈው ሳምንት ወይም በ2019፣ «ሃቭ» አይገባም። ለቤት አከራይሽ «አይ ሃቭ ፔይድ ዘ ረንት» ስትዪ ኪራዩ ተከፍሏል፣ አሁን ዕዳ የለብኝም ነው ነገሩ። መቼ ብሎ ከጠየቀሽ «አይ ፔይድ ኢት ላስት ፍራይደይ»። እዚህ ላይ «ሃቭ» ብትጨምሪ ይገባዋል፣ ግን ጆሮውን ይቆረቁረዋል።

የተገላቢጦሹ ደግሞ አለ፣ እሱ ነው እኛን በብዛት የሚጥለን። በአማርኛ «ከጥር ጀምሮ እየሠራሁ ነው» እንላለን፣ «እዚህ ከመጣሁ አምስት ዓመቴ ነው» እንላለን። «ነው» ስላለ ቀጥታ «አይ አም ወርኪንግ ሂር ሲንስ ጃንዋሪ» ብለን እናወጣዋለን። እንግሊዝኛው ግን ድሮ ጀምሮ ዛሬ ድረስ ለደረሰ ነገር «ሃቭ» ይፈልጋል፦ «አይ ሃቭ ቢን ወርኪንግ ሂር ሲንስ ጃንዋሪ»። መነሻውን ከጠራሽ «ሲንስ» ነው፣ ርዝመቱን ከጠራሽ «ፎር»።

አሉታው ላይ ደግሞ አማርኛችን ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። «መጣ»ም «መጥቷል»ም ሲካዱ «አልመጣም» ናቸው፣ ልዩነቱን የምናወጣው «ገና» ወይም «እስካሁን» ጨምረን ነው። ስለዚህ ለአንድ ቢሮ ደውለሽ ደብዳቤ አልደረሰኝም ስትዪ «አይ ሃቭንት ሪሲቭድ ኢት» በዪ። እየጠበቅኩ ነው፣ ጉዳዩ አልተዘጋም ማለት ነው። «አይ ዲድንት ሪሲቭ ኢት» ግን ያለፈ ታሪክ እንደመናገር ይሰማል።

ፎርም ላይ «ሃቭ ዩ ኤቨር» የሚል ስታዪ ረጋ በዪ። ለሱ አማርኛ ጥሩ አቻ አለው፣ «ታውቂያለሽ»፦ ቪዛ ተከልክለሽ ታውቂያለሽ? ታስረሽ ታውቂያለሽ? ፎርሙ ራሱ የጊዜ ገደብ ካላስቀመጠ ከተወለድሽ እስከ ዛሬ ማለት ነው። ብዙ ሰው ስለ ቅርቡ ወይም ስላለበት አገር ብቻ የተጠየቀ መስሎት «ኖ» ላይ ምልክት ያደርጋል፣ በኋላ መዘዙ ብዙ ነው። የሚያጠራጥርሽ ጥያቄ ካለ ሳትፈርሚ የሕግ ሰው አማክሪ፣ የኛ ምክር ለዚህ አይበቃም።

ሌላ አስተያየት

ወንድማችን ጥሩ አስረድቷል፣ አንድ ነገር ልጨምር። ያለሽው አሜሪካኖች መሃል ከሆነ «ዲድ ዩ ኢት ዬት?»፣ «አይ ኦልሬዲ ኤት» ሲሉ ትሰሚያለሽ። እንግሊዞች እዚህ ጋ «ሃቭ» ይመርጣሉ። ሁለቱም አልተሳሳቱም፣ ልማድ ነው። የሦስት ዓመቱ ነገር ላይ ግን የአገር ልዩነት የለም።

ሌላው ድምፁ ነው። ሲናገሩ «ሃቭ» አይሉም፣ «አይቭ ወርክድ» ነው የሚሉት፣ «ቭ»ዋ ደግሞ በፈጣን ንግግር ብን ትላለች። ጆሯችን ስላልያዛት አፋችንም ዘለላት። እኔ ቃለ መጠይቅ ላይ ሳላሳጥር «አይ ሃቭ» ብዬ ሙሉውን እናገራለሁ። ትንሽ መደበኛ ይመስላል እንጂ ነውር የለውም።

ደግሞ «ሺ ሃዝ ጎን» ከተባለ ሄዳለች፣ አልተመለሰችም። «ሺ ሃዝ ቢን ዜር» ከሆነ ደርሳ ተመልሳለች። አለቃሽ የት ናት ብሎ ሰው ሲደውል ይቺን አትቀያይሪያት።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁለታችሁም። አሁን ገባኝ። ግን ከዚህ በፊት ሠርቼ የለቀቅኳቸውስ? እነሱ ሁሌ «ወርክድ» ናቸው?

መልስ

ቦታና ዘመን ጠርተሽ ከተናገርሽ አዎ። «ፍሮም 2018 ቱ 2020 አይ ወርክድ ኢን ኤ ሆቴል» ትያለሽ። ጊዜ ሳትጠሪ ልምድሽን በጥቅሉ ስትናገሪ ግን ብትለቂም «ሃቭ» ይሆናል፦ «አይ ሃቭ ወርክድ ኢን ሆቴልስ»፣ «አይ ሃቭ ወርክድ ዊዝ ችልድረን»። ልምዱ አሁንም አብሮሽ ስላለ ነው። እንደውም «ስለ ራስሽ ንገሪን» ሲሉሽ በዚህ ጀምሪ። የትና መቼ ብለው ዝርዝር ሲጠይቁ ያኔ ወደ «ወርክድ» ትዞሪያለሽ። ስላለሽበት ሥራ ስትደርሺ ደግሞ «ሃቭ ቢን ወርኪንግ»ን አትርሺ። መልካም ዕድል!