ክርክር፦ ዮጋና አዩርቬዳ ለእንቅልፍ ማጣትና ለጭንቀት ተብለው በሰሜን ሸዋ ጤና ጣቢያዎችና ትምህርት ቤቶች ይሰጡ ወይ?

አወያይ (ደብረ ብርሃን)፦
የዚህ ሳምንት የክርክር ሐሳብ የቀረበው ከአንዲት አባላችን ነው። አባላችን እንደሚሉት ግጭቱ፣ መፈናቀሉና የኑሮ ውድነቱ ተደራርበው በዞናችን እንቅልፍ ያጣውና የሚጨነቀው ሰው በዝቷል፤ የሥነ አእምሮ ባለሙያ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ጤና ጣቢያዎች የዮጋ ልምምድና የአዩርቬዳ (የህንድ ባህላዊ ሕክምና) ምክር ቢሰጡ፣ ትምህርት ቤቶችም ከሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ጋር አያይዘው ቢያስተምሩት በትንሽ ወጪ ብዙ ሰው ይረዳል ይላሉ። የምትደግፉም የምትቃወሙም ምክንያታችሁን አቅርቡ፤ ስድብ ያለበት ጽሑፍ ይሰረዛል።

የፈረቃ ሠራተኛ (ደብረ ብርሃን)፦
ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። በፋብሪካ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ ሰው ጠዋት ቤቱ ሲገባ ሰውነቱ ዝሎ ሳለ አእምሮው አላርፍ እንደሚለው የቀመሰው ያውቀዋል። እኔ በስልኬ እያየሁ የምሠራው የመንጠራራትና የትንፋሽ ልምምድ ረድቶኛል፤ ማንንም አምልኬ አላውቅም። ነገሩ የጓዳ ወሬ እንዳይመስላችሁም ልጨምር፦ ዮጋ በዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው በኅዳር ወር 2009 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ በተቀመጠው ጉባኤ ነው፤ የገዳ ሥርዓትም በዚያው ጉባኤ ተመዝግቧል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳለፈው ውሳኔ ሰኔ 14 ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን ሆኖ እንዲከበር ወስኗል። ዓለም የተቀበለውን እኛ በር ላይ የምናቆመው ለምንድን ነው?

ዲያቆን (አንኮበር)፦
እህቴ፣ ድካምሽን አልንቅም፤ ማስረጃሽ ግን ለእኔ ያደላል። ዩኔስኮ ዮጋን የመዘገበው በቅርስነት እንጂ በመድኃኒትነት አይደለም። የእኛ መስቀል በ2006 ዓ.ም.፣ ጥምቀታችን በ2012 ዓ.ም. ተመዝግበዋል፤ ይህን ይዞ በህንድ ትምህርት ቤቶች የስፖርት ክፍለ ጊዜ ታቦት ይውጣ የሚል ግን አልሰማሁም። ዮጋን ፓታንጃሊ የተባለው መምህራቸው በስምንት ደረጃ እንደ ደለደለው ራሳቸው ያስተምራሉ። አንቺ የምትሠሪው የሰውነት አቀማመጥ ከስምንቱ ሦስተኛው፣ ትንፋሹ አራተኛው ነው፤ ሁለተኛው ደረጃ ራስን ለአምላክ መስጠትን ይጨምራል፣ የመጨረሻው ደግሞ ሳማዲ የሚሉት የተመስጦ ጥግ ነው። ከመሰላሉ መካከል ሁለት እርከን ቆርጦ «ይህ ስፖርት ነው» ማለት ይቻል ይሆናል፤ መሰላሉ ወዴት እንደሚያወጣ ሳይነግሩ ሕፃን ልጅን ማሳፈር ግን አይገባም።

የሥነ አእምሮ ነርስ (ደብረ ብርሃን)፦
ዲያቆን፣ ያሉት የደረጃ አቆጣጠር ልክ ነው። ሆኖም ዛሬ በየከተማው የሚሠራው የዮጋ እንቅስቃሴ አብዛኛው መልኩን የያዘው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ክሪሽናማቻርያ የተባለው መምህር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በህንድ በማይሶር ቤተ መንግሥት ወጣቶችን ሲያሠለጥን ከአካል ማጎልመሻ ጋር አቀራርቦ ያዳበረው ነው። ታሪኩ ከጥንቱ ትምህርት ጋር ቢያያዝም ሁሉም ነገር ከጥንት ሳይነካ የወረደ አይደለም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ወደ እኛ የሚመጣው ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «የእንቅልፍ ኪኒን ስጡኝ» ነው፤ ብዙው ሰውም ከመምጣቱ በፊት የጎረቤቱን ዲያዜፓም ጀምሮታል። ለረዥም ጊዜ ለቆየ እንቅልፍ ማጣት በቅድሚያ ሊሰጥ የሚገባው ሕክምና ኪኒንም ዮጋም አይደለም። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች ሁሉ የመጀመሪያ ምርጫ ይሁን ያለው በአስተሳሰብና በባህርይ ላይ የሚሠራውን የእንቅልፍ ሕክምና ነው። ሕክምናው በጥቂት ቀጠሮዎች የሚያልቅ ሲሆን ይዘቱም ለማስረዳት አይከብድም፦ አልጋን ለእንቅልፍ ብቻ መጠቀም፣ እንቅልፍ ካልመጣ ተነሥቶ ሌላ ክፍል መቀመጥ፣ ሌሊቱ ቢበላሽም ጠዋት በተወሰነው ሰዓት መነሣት፣ አልጋ ላይ የሚያልፈውን ጊዜ በእርግጥ ከተተኛው ጋር ማቀራረብ። ዮጋ በዚህ ላይ ቢጨመር አልቃወምም። ትንፋሽን በደቂቃ ወደ ስድስት ያህል ማዘግየት የልብ ምትን የሚያረጋጋውን የነርቭ ክፍል እንደሚያነቃ ይታወቃል፤ ጭንቀትንና የእንቅልፍን ጥራት በመጠኑ እንደሚያሻሽል የሚያሳዩ ጥናቶችም አሉ፣ ብዙዎቹ ግን አነስተኛና አጭር ናቸው። ደጋፊ ነው ማለት እችላለሁ፤ ምትክ ነው የሚለኝን ግን አልከተልም።

አንድ ጥንቃቄም ልጨምር። ግጭት ውስጥ ያለፈ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ትንፋሹን ሲከታተል ያየው ነገር ተመልሶ ሊመጣበትና ሊብስበት ይችላል። በከተማችን ያሉ ተፈናቃዮችን ሰብስቦ በጅምላ «ዐይናችሁን ጨፍኑ» ማለት እርዳታ አይደለም። ዐይንን ገልጦ፣ በር ክፍት አድርጎ፣ የፈለገ እንዲወጣ ፈቅዶ መሥራት ይቻላል፤ ይህን የሚያውቅ አሠልጣኝ ግን ያስፈልጋል።

ነጋዴ (አልዩ አምባ)፦
የሙስሊሙም ጥያቄ ከዲያቆን ጥያቄ አይርቅም። በማሌዥያ የፈትዋ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ዮጋን ለሙስሊሞች ከልክሎ ነበር፤ ብዙ ክርክር ከተነሣ በኋላ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ዜማና ድግምት የሌለበት የአካል እንቅስቃሴ እንደማይከለከል ተናገሩ። ልዩነቱ ያለው በቃሉና በሐሳቡ እንጂ እግርን በመዘርጋቱ አይመስለኝም። ስለዚህ ጥያቄው «ዮጋ ይግባ ወይስ አይግባ» ከሚሆን «ምኑ ይግባ» ቢሆን እንስማማለን።

መምህር (መሐል ሜዳ)፦
ለጤና ጣቢያው ከነጋዴው ጋር እስማማለሁ፣ ለትምህርት ቤቱ ግን አልስማማም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነጻ በሆነ መንገድ መካሄድ አለበት ይላል። በዚህ አንቀጽ ምክንያት የእኛን ጸሎት በክፍል ውስጥ ካላስገባን የሌላውን ተመስጦ በስፖርት ስም ማስገባት ፍትሐዊ አይሆንም።

ሌሎችም በዚህ ተቸግረዋል። በአሜሪካ አላባማ ግዛት ዮጋ እ.ኤ.አ. በ1993 ከሕዝብ ትምህርት ቤቶች ታግዶ ቆይቶ በ2021 ሲፈቀድ እንኳ ዜማውና «ናማስቴ» የሚለው ሰላምታ እንደ ተከለከለ ነው። በካሊፎርኒያ ደግሞ የኤንሲኒታስ ከተማ ወላጆች ትምህርት ቤቱን ከሰው ተረትተዋል፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 በትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ልምምድ ሃይማኖታዊ ይዘት የለውም ብሎ ወስኗል። የሁለቱ ጉዳይ የሚያሳየኝ ነገሩ በሕግ ሊፈታ የሚችል መሆኑን ነው፤ ነገር ግን እነሱ ጠበቃ አቁመው፣ ዳኛ ፊት ቀርበው፣ የሚሰጠውን ትምህርት አንድ በአንድ አስመርምረው የደረሱበትን እኛ በአንድ ስብሰባ እጅ አውጥተን አናልፈውም። ለነገሩ የእኛ ተማሪ የሚጎድለው እንቅስቃሴ አይመስለኝም፤ ጠዋት በብርዱ ከሩቅ መንደር በእግሩ ገስግሶ የመጣ ልጅ ክፍል ውስጥ የሚያንቀላፋው ስላልተንጠራራ አይደለም።

የፋርማሲ ባለሙያ (ሸዋ ሮቢት)፦
እስካሁን ሁላችሁም የተከራከራችሁት ስለ ዮጋ ነው፤ አዩርቬዳ ተረስቷል። ለእኔ ግን አደጋው ያለው እዚያ ነው፤ ምክንያቱም የሰውነት እንቅስቃሴ ቢበዛ ወገብ ያሳምማል፣ የሚዋጥ ነገር ግን ጉበትና ኩላሊት ዘንድ ይደርሳል።

አዩርቬዳ የሰውነትን ሁኔታ ቫታ፣ ፒታና ካፋ በሚላቸው ሦስት ኃይሎች ሚዛን ይተረጉማል፤ እንቅልፍንም ከምግብ ጋር ከሕይወት ምሰሶዎች አንዱ አድርጎ ይቆጥረዋል። ምክሩ ብዙው የሚያጣላ አይደለም፤ እራትን ቀለል አድርጎ በጊዜ መብላት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት መተኛት፣ ሰውነትን በዘይት ማሸት፣ ሞቅ ያለ ወተት መጠጣት ነው። መድኃኒቱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ጥናት በቦስተን አካባቢ ሱቆች ከተገዙ 70 የአዩርቬዳ ውጤቶች በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሰኒክ አግኝቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 በኢንተርኔት የተገዙ 193 ሌሎች ምርቶች ሲመረመሩም ከአምስቱ በአንዱ ያህል ከእነዚህ ብረቶች ተገኝቷል። ሁልጊዜ በስሕተት የገባ ብክለት እንዳይመስላችሁ፤ ከአዩርቬዳ ቅርንጫፎች አንዱ ብረቶችን አቃጥሎ ሆን ብሎ በመድኃኒት ውስጥ ያስገባል።

ለእንቅልፍና ለጭንቀት ዛሬ በየማስታወቂያው የሚሸጠው አሽዋጋንዳ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በየአጥሩና በየመንገዱ ዳር የሚበቅለው፣ ሽማግሌዎች ለክፉ መንፈስ የሚያጥኑት ግዛዋ ነው። ተክሉ አንድ ነው። ሥሩ እንቅልፍን በጥቂቱ እንደሚያሻሽል የሚጠቁሙ የጥቂት ሳምንታት ሙከራዎች አሉ፤ በሌላ በኩል ተጠቃሚዎች ላይ የደረሰ የጉበት ጉዳት ተመዝግቧል፣ ለነፍሰ ጡርና የእንቅርት ዕጢ ሕመም ላለበት ሰው አይመከርም፣ ዴንማርክም እ.ኤ.አ. በ2023 አግዳዋለች። ጤና ጣቢያው «አዩርቬዳ ይጠቅማል» ብሎ ከግድግዳው ላይ የለጠፈ ዕለት ሰው ግዛዋ ነቅሎ ቀቅሎ መጠጣቱ እንደማይቀር ሙያዬ ይነግረኛል።

ዕፀዋቱን እየናቅሁ አይደለም። በህንድ ለእንቅልፍ ማጣትና ለእብደት ይሰጥ ከነበረው ሳርፓጋንዳ ከተባለ ሥር ሬሰርፒን የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1952 ተለይቶ ወጥቷል፤ ለደም ግፊትና ለአእምሮ ሕመምም በዓለም ዙሪያ ተሰጥቷል። መጠኑ የታወቀው፣ አንዳንዱን ሰው ለድብርት ሊዳርግ እንደሚችል የተሰጋው ግን ከተመረመረ በኋላ ነው። ግዛዋም በዚህ መንገድ ይለፍ፤ የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ይመርምረው፣ ከዚያ እኔ ራሴ መደርደሪያዬ ላይ አኖረዋለሁ።

የፈረቃ ሠራተኛ (ደብረ ብርሃን)፦
ወንድሜ፣ የመድኃኒቱን ነገር ተቀብያለሁ፤ የእኔም ሐሳብ «ምክር» እንጂ «መድኃኒት» አይልም ነበር፣ በጽሑፍ ይለይ። ዲያቆን ግን አንድ ነገር ይመልሱልኝ። እናቶቻችን መቁጠሪያቸውን ይዘው 41 ጊዜ «እግዚኦ» ሲሉ፣ ሲሰግዱ፣ ሲነሡ ትንፋሻቸው ይረጋል፣ ልባቸው ያርፋል። በእነሱ ዘንድ ጸሎት ከሆነ በእኔ ዘንድ ያለ ቃል የሚደረገው መንጠራራት ለምን ጥርጣሬ ይወድቅበታል?

ዲያቆን (አንኮበር)፦
ልዩነቱን ራስሽ ተናግረሽዋል። እናቶቻችን የሚቆሙት እግዚአብሔርን ፈልገው ነው፤ ዕረፍቱ ተከትሎ ይመጣል፣ ሳይመጣም ያድራል፣ እነሱም ያን ሌሊት ጸሎቱን አይተዉም። ጸሎትን እንቅልፍ ማምጫ ያደረገ ሰው እንቅልፍ የከለከለው ዕለት ጸሎቱን ይተዋል። ስለዚህ የእኛን ስግደት ለዮጋ ምስክር አድርገሽ አታቅርቢው፤ ያንቺን «ስፖርት ነው» ካልሽ ስፖርት ብለሽ ተከራከሪ። በዚያ መንገድ ብንነጋገር እኔም እለሳለሳለሁ።

የሥነ አእምሮ ነርስ (ደብረ ብርሃን)፦
በዚህ ከዲያቆን ጋር ነኝ፤ የሃይማኖትን ሥርዓት በሐኪም ማዘዣ መልክ ማቅረብ ለሃይማኖቱም ለሕክምናውም አይበጅም።

ስለ አዩርቬዳው የምሽት ምክር አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ። ወተቱንም ዘይቱንም ከህንድ ልናመጣ ስንሟገት ከቤታችን ያለውን ቡና ማንም አላነሣውም። ካፌይን በሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት የተጠጣው አቦል ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ገና ግማሹ አለ ማለት ነው፣ በረካው ድረስ የተቀመጠ ደግሞ ከዚያም በላይ። ቆላ ወዳለው የዞናችን ክፍል ስንወርድ ጫቱ ይጨመራል፣ ጫት የቃመ ሰው ሌሊቱን ስለ ዮጋ ቢያስብ አይፈረድበትም። ብትቀየሙኝም፣ ከሰዓት በኋላ ያለውን ቡና ማስቀረት ከማንኛውም ልምምድ በፊት የምሞክረው ነገር ነው።

እህታችን ላነሣችው የፈረቃ ችግር ግን ዮጋም ቡና መተውም ሙሉ መልስ አይሆንም። ሰውነት የብርሃንና የጨለማ ሰዓት አለው፤ በየሳምንቱ የሚገለባበጥ ፈረቃ ያን ሰዓት ያምሰዋል። መስኮትን በወፍራም ጨርቅ መጋረድ፣ ከሥራ ወደ ቤት ሲመለሱ ዐይንን ከጠዋት ፀሐይ መከለል፣ የቤተሰብን ድምፅ ማስቀነስ ይረዳል፤ ዋናው መፍትሔ ግን የፈረቃ አደላደሉን ማስተካከል ነው፣ ይህም የአሠሪው እንጂ የሠራተኛው የትንፋሽ ሥራ አይደለም። ችግሩን የፈጠረው ሰው ሳይጠየቅ ችግረኛው «ዘና በል» እየተባለ እንዳይሠለጥን እፈራለሁ።

መምህር (መሐል ሜዳ)፦
ሲስተር ያሉትን ወደ ትምህርት ቤቱም እወስደዋለሁ፤ ተማሪው የሚጨነቀው በፈተናና በረሃብ ከሆነ መልሱ የምገባ ፕሮግራም ነው። እንቅስቃሴው የግድ ይግባ ከተባለ ግን የሳንስክሪት ስሙ ቀርቶ፣ ወላጅ በጽሑፍ ፈቅዶ፣ የማይፈልግ ተማሪ ሩጫ ወይም ኳስ እንዲመርጥ ተደርጎ ይሁን።

ዲያቆን (አንኮበር)፦
ለሕፃናት በዚህም አልስማማም፤ ወላጅ ያላነበበውን ወረቀት እንደሚፈርም ሁላችንም እናውቃለን። በጤና ጣቢያ ለአዋቂ ሰው፣ ያለ ዜማ፣ አመጣጡ ሳይደበቅ ተነግሮት፣ ፈቅዶ የሚገባበት ከሆነ ግን ተቃውሞዬን አነሣለሁ። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ፤ አሠልጣኙ በጤና ባለሙያ ሥር ይሁን እንጂ ከውጭ መጥቶ ትምህርቱን የሚያስፋፋ ሰው አይሁን። እንዲህ ካልሆነ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ አቤቱታ የምጽፈው እኔ ነኝ።

የፈረቃ ሠራተኛ (ደብረ ብርሃን)፦
ዲያቆን፣ ቅድመ ሁኔታውን ተቀብያለሁ፤ የትምህርት ቤቱንም ከሐሳቤ አውጥቻለሁ። አወያይ፣ ለጤና ጽሕፈት ቤቱ የሚጻፈው ደብዳቤ ላይ ግን ልምምዱ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ እንዲሆን ይጨመርልኝ፤ እንደ ልማዱ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከተደረገ የሌሊት ፈረቃ የሠራነው ያኔ ገና ልንተኛ እየሞከርን ነው።