ኮሎምበስ ላላችሁ ወላጆች፦ ቫውቸሩን ከማሰባችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን ጠይቁ

ጥያቄ፦

ሰላም ወገኖች። ኮሎምበስ ከገባን ገና ወራት ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ትንሿ አራተኛ ክፍል ናት፣ ትልቁ ዘንድሮ ዘጠነኛ ይገባል። ቤተ ክርስቲያን ያገኘኋት አንዲት እህት "ስቴቱ እየከፈለልሽ ፕራይቬት በነፃ ማስተማር ስትችይ ለምን ፐብሊክ ታስገቢያቸዋለሽ?" አለችኝ። ባለቤቴ ደግሞ "አሜሪካ ውስጥ ነፃ የሚባል ነገር የለም" ብሎ ይስቅብኛል። እውነቱ የቱ ነው? የሚኬደውስ የት ነው?

መልስ፦

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት አላቸው።

የነገረችሽ ኢድቾይስ ስለሚባለው የኦሃዮ ቫውቸር፣ ማለትም ስቴቱ ለግል ትምህርት ቤት ክፍያ ስለሚሰጠው ድጋፍ ነው። እዚህ ስቴት ቫውቸር የቆየ ነገር ነው። መጀመሪያ ክሊቭላንድ ላይ በ1996 ተጀመረ፣ የሃይማኖት ትምህርት ቤት በመንግሥት ገንዘብ ይከፈልለታል ወይ ተብሎ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራከሩበት፣ በ2002 በ5 ለ4 ድምፅ ይቻላል ተባለ። ኢድቾይስ በ2006 ተከተለ። ያኔ ሁሉም ሰው አያገኘውም ነበር፣ ወይ ልጅሽ የተመደበበት ፐብሊክ ትምህርት ቤት ደካማ የተባለ መሆን አለበት፣ ወይ ገቢሽ ዝቅ ያለ። በ2023ቱ የስቴት በጀት ነው በሩን ለሁሉም የከፈቱት። አሁን ሐኪሙም ጠበቃውም ያመለክታል፣ የሚደርሰው ብር ብቻ ያንሳል።

ብሩ እስከ ስምንተኛ ክፍል ላለ ልጅ በዓመት ከ6,100 ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል፣ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ደግሞ 8,400 አካባቢ ነው። ገቢሽ ከፌዴራሉ የድህነት መስመር እስከ 4.5 እጥፍ ድረስ ከሆነ ሙሉውን ታገኛለሽ። ለአራት ሰው ቤተሰብ በ2025 ስሌት ይህ ወደ 144,700 ዶላር ነው፣ ስለዚህ አብዛኛው የእኛ ሰው ሙሉው ውስጥ ይገባል። ከዚያ በላይ ያለው እየቀነሰ ይሄዳል፣ ግን ከ10 በመቶ በታች አይወርድም። በእጅሽ የሚሰጥሽ ገንዘብ አይደለም። ለትምህርት ክፍያው ብቻ ነው የሚውለው።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ፖለቲከኞቹ ይህን የወላጅ ምርጫ ይሉታል። በተግባር ግን ቀድሞ የሚመርጠው ትምህርት ቤቱ ነው። እኛ ሰፈር ሰው ሁሉ "ቫውቸር አገኘሁ" እያለ ያወራል፣ ትምህርት ቤቱ ምን ውል እንዳለው የሚጠይቅ ግን ትንሽ ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ትምህርት ቤቱ በስቴቱ ቻርተር የተሰጠው የግል ትምህርት ቤት መሆን አለበት፣ ከዚያ ደግሞ በፕሮግራሙ ለመሳተፍ ራሱ የፈቀደ። ልጅሽን መጀመሪያ እሱ ይቀበላታል፣ የቫውቸሩ ጥያቄ የሚያልፈውም በትምህርት ቤቱ በኩል ነው። ቫውቸር ይዞ ትምህርት ቤት መዞር የለም። የመግቢያ ፈተና ሊሰጣት ይችላል፣ የድሮ ውጤቷን ሊያይ፣ ከእናንተ ጋር ቁጭ ብሎ ሊያወራ፣ በመጨረሻም ቦታ የለኝም ሊልሽ ይችላል። ፐብሊክ ትምህርት ቤት ሰፈሩ ያለን ልጅ መመለስ አይችልም፣ የግሉ ይችላል። (በነገራችን ላይ ቻርተር ስኩል የሚባሉት ሌላ ናቸው። እነሱ ፐብሊክ ናቸው፣ ክፍያም ቫውቸርም የላቸውም። ብዙ ሰው ያደባልቃቸዋል።)

የካቶሊክ ትምህርት ቤቶቹ በብዛት ይሳተፋሉ፣ የሌሎች ክርስቲያኖችና የእስልምና ትምህርት ቤቶችም አሉ። በዓመት ከ30,000 ዶላር በላይ የሚያስከፍሉ ደግሞ አሉ። እዚያ 8,400 ዶላር ቅናሽ ነው እንጂ ክፍያ አይባልም፣ ቀሪውን ከየት ታመጪዋለሽ?

ሴትየዋ "በነፃ" ያለችሽ ከአንድ ሕግ የመጣ ይመስለኛል። የቤተሰቡ ገቢ ከድህነት መስመሩ እስከ ሁለት እጥፍ ከሆነ፣ ለአራት ሰው በ2025 64,300 ዶላር ማለት ነው፣ የሚሳተፈው ትምህርት ቤት ከቫውቸሩ በላይ የትምህርት ክፍያ ሊጠይቅ አይችልም። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ እሷም ምናልባት በዚህ የገባች ናት። ግን ከትምህርት ቤቱ ጎን ሆነሽ እዪው። ክፍያው 9,000 የሆነ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለእንዲህ ዓይነቱ ልጅ 6,100 ይዞ ቀሪውን ራሱ ይሸከማል። ከምዕመናን መዋጮ የሚሸፍን አለ፣ የማይችልም አለ። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ስንት ልጅ በቫውቸር እንደሚወስድ የሚጠነቀቀው በዚህ ይመስለኛል። ገቢሽ ከዚያ መስመር ትንሽ ካለፈ ደግሞ ልዩነቱን አንቺ ትከፍያለሽ። ባልሽ ኡበር የሚነዳ ከሆነ የታክስ ወረቀታችሁን አስተካክላችሁ ያዙ፣ ገቢያችሁን ካላሳያችሁ የሚደርሳችሁ ያቺ 10 በመቶ ናት።

ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ጋ ስትደውይ "ቫውቸር ትቀበላላችሁ?" ብለሽ አትዝጊው። ሁሉም አዎ ነው የሚልሽ። "በእኛ ገቢ፣ በዚህ ክፍል፣ ከቫውቸሩ በኋላ በዓመት ከኪሴ የሚወጣው ስንት ነው?" በይና በጽሑፍ ላኩልኝ በይ። ዩኒፎርም፣ ምዝገባ፣ ምሳ፣ ከትምህርት በኋላ ማቆያ፣ ግዴታ የሆነ የገንዘብ ማሰባሰቢያ፣ ሁሉንም ጨምረው። ሌላው ባለፉት ዓመታት ክፍያው ስንት እንደጨመረ ነው። ቫውቸሩ ለሁሉም ከተከፈተ ወዲህ ብሩ ሲጨምር ክፍያውም አብሮ ወጣ የሚል ሮሮ ከብዙ ወላጅ ትሰሚያለሽ።

ስለ ሃይማኖቱ ካልጠየቅሽኝም ልናገር፣ ምክንያቱም ቀጥሎ የሚመጣው እሱ ነው። "ኦርቶዶክስ ሆኜ ካቶሊክ ትምህርት ቤት?" የሚል ሰው ይገርመኛል። አዲስ አበባ ናዝሬት፣ ሴንት ጆሴፍ፣ ልደታ ካቴድራል ለማስገባት ሰው ስንት ደጅ ይጠና የለ! ግን የሃይማኖት ክፍለ ጊዜውና ጸሎቱ የትምህርት ቀኑ አካል ናቸው፣ ይህን አውቀሽ ግቢ።

ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ትልቁ ልጅሽ ነው። ገና መምጣቱ ከሆነና እንግሊዝኛው ካልጠነከረ ፐብሊክ ትምህርት ቤት የቋንቋ ድጋፍ የመስጠት ሕጋዊ ግዴታ አለበት፣ ለአንቺም አስተርጓሚ ማምጣት አለበት። ኮሎምበስ ላይ ለአዲስ መጤ ልጆች ተብሎ የተቋቋመ ኮሎምበስ ግሎባል አካዳሚ የሚባል ፐብሊክ ትምህርት ቤት አለ፣ ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ ይቀበላል። በቫውቸር የሚሳተፍ የግል ትምህርት ቤት ለዚህ የተመደበ መምህር ላይኖረው ይችላል። አገር ቤት "የመንግሥት" ሲባል ዝቅ አድርገን የማየት ልማድ አለን፣ ያንን ይዘን እዚህ መጥተን ልጁ የሚያስፈልገውን ድጋፍ ጥለን እንወጣለን።

ልጅሽ አይ ኢ ፒ (የልዩ ፍላጎት ትምህርት ዕቅድ) ካለው ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። የልዩ ፍላጎት መብቱ እንዳለ ወደ ግሉ አብሮት አይሄድም። ለእንዲህ ዓይነት ልጆች ጆን ፒተርሰን የሚባል የተለየ ቫውቸር አለ፣ ብሩ እንደ ልጁ ሁኔታ ይለያያል። ከኢድቾይስ ጋር ደርቦ መውሰድ ግን የለም፣ እሱንም ስትወስጂ ዲስትሪክቱ (የከተማውን ፐብሊክ ትምህርት ቤቶች የሚያስተዳድረው) ላይ ያለሽን መብት ትተሽ ነው።

ባስ? በሕጉ ዲስትሪክቱ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉ የግል ትምህርት ቤት ልጆችንም ማመላለስ አለበት፣ መንገዱ ከ30 ደቂቃ ካልበለጠ። ግን "አይመቸኝም" ብሎ በምትኩ ትንሽ ገንዘብ ሊሰጥሽ ይችላል። በ2024 በዚህ ጉዳይ የስቴቱ ዐቃቤ ሕግ የኮሎምበስን ዲስትሪክት እስከ መክሰስ ደርሷል። ሁለታችሁም ጠዋት ሥራ የምትገቡ ከሆነ ከክፍያው በፊት ይህን ጨርሱ።

አስተያየት፦

ከጋርላንድ ነው የምጽፈው። ቴክሳስም ጀመረ እኮ! በ2025 ገዥያችን አቦት የፈረሙት ሕግ ነው፣ 1 ቢሊዮን ዶላር ተመድቦለት ከ2026-27 የትምህርት ዓመት ይሠራል። የእኛው ለትምህርት ወጪ የሚሆን አካውንት ነው፣ ለአንድ ልጅ ወደ 10,000 ዶላር ይገባበታል። ያልሽው ግን እዚህም ያው ነው። ትምህርት ቤቱ ዕውቅና ያለውና ቢያንስ ሁለት ዓመት የሠራ መሆን አለበት፣ እሱም ካልፈለገ አይገባበትም። ሰው ዝም ብሎ ብሩን ይቆጥራል።

አስተያየት፦

አይ፣ እኔ በዚህ አልስማማም። ልጆቼ ፐብሊክ ናቸው። በዓመት 1 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ኦሃዮ ለቫውቸር ታወጣለች፣ ብዙው የሚሄደው ቀድሞውንም ፕራይቬት ለነበሩ ልጆች ነው። የእኛ ልጆች ትምህርት ቤት መምህር ይቀነሳል። ደግሞ ፍርድ ቤት ሕገ ወጥ ብሎት የለ? ሰው ወደሚፈርስ ቤት ለምን ትመሪያለሽ?

መልስ፦

ወንድሜ፣ በገንዘቡ ጉዳይ ከአንተ ብዙም አልርቅም። በጀቱን ያወጡት ፖለቲከኞቹ ናቸው፣ ልጇን የምታስገባው እናት አይደለችም። ፖሊሲውን ለመቃወም የዚች እህት ልጆች መያዣ መሆን የለባቸውም።

ፍርድ ቤቱን በተመለከተ፣ ኮሎምበስን ጨምሮ ብዙ ዲስትሪክቶች በ2022 ከሰሱ። በሰኔ 2025 የፍራንክሊን ካውንቲ ዳኛ ኢድቾይስ የስቴቱን ሕገ መንግሥት ይጥሳል ብለው ፈረዱ። ግን በዚያው ውሳኔ ይግባኙ እስኪታይ ድረስ ፕሮግራሙ እንዲቀጥል አደረጉ። ስለዚህ አልቆመም።

ለአንቺ እህቴ፣ ከዚህ የሚወጣልሽ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ነው። ቫውቸሩ በየዓመቱ ይታደሳል፣ ትምህርት ቤቱም በሚቀጥለው ዓመት አልሳተፍም ሊል ይችላል። "በመሃል ቢቆም እኛ ምን እንከፍላለን?" በያቸው። የምዝገባ ውል ሲያስፈርሙሽ ሙሉ ክፍያው የአንቺ ዕዳ ነው የሚል መስመር ካለ ሳታነቢ አትፈርሚ። እንግሊዝኛው ከከበደሽ ስሙንና አድራሻውን ሸፍነሽ ፎቶውን እዚሁ ላኪው፣ አብረን እናነበዋለን።

ጥያቄ ያቀረበችው፦

ተባረኩ። ዛሬ ለሁለት ትምህርት ቤቶች ደወልኩ። አንዱ ዝርዝሩን በኢሜይል እንልካለን አለኝ። ሌላኛው "ዘጠነኛ ሞልቷል፣ ለአራተኛ ግን ልጅቷን አምጪያት" አለኝ። ትልቁን ለጊዜው ፐብሊክ ላስመዘግበው ነው። ግሎባል አካዳሚ ያላችሁት ጋ ለመመዝገብ ምን ወረቀት ይጠይቃሉ? የክትባቱ ካርድ አማርኛ ነው።