«የሌላ ሰው ዕዳ»፦ ዋስትናው ያለቀ የፍጥነት መኪና መግዛት ሞኝነት ነው ወይ?

ባለ ካምቢዮ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)
ትናንት በዚህ የመኪና ወዳጆች ቡድናችን ስለ አሮጌ የቢኤምደብሊው ኤም 5 ዋጋ ስንነጋገር ጸጥተኛው የተባሉት አባላችን «ዋስትናው ያለቀ የጀርመን የፍጥነት መኪና የገዛ ሰው መኪና አልገዛም፤ የሌላ ሰው ዕዳ ነው የገዛው» ብለው ጻፉ፤ ሦስት ሰዎች አጨበጨቡላቸውና ወሬው በዚያው ቀረ። እኔ ግን ይህችን ቃል ሳመነዥክ አደርኩ። ዕዳ የሚባለው የበላው አንዱ፣ የሚከፍለው ሌላው ሲሆን ነው። እዚህ የተገላቢጦሽ ነው። መቶ ሺሕ ዶላር ከፍሎ አዲሱን ያወጣው ሰው፣ ዋጋው ሲወርድ ኪሳራውን ተሸክሞ ሄዷል፤ እኔ የምረከበው እሱ የከፈለበትን ነው። ታዲያ ባለዕዳው ማን ነው?

ጸጥተኛው
የመኪናው ዋጋ ስለ ወረደ የመለዋወጫው ዋጋ አይወርድም። በ30 ሺሕ ዶላር የተገዛው መኪና ጋራዥ ሲገባ ሒሳቡ የሚሠራለት በመቶ ሺሑ ልክ ነው። የካርቦን ሴራሚክ ፍሬን ያለበትን ፖርሽ በርካሽ አገኘሁ ብሎ የደነሰ ሰው፣ አራቱን ዲስኮች ለማስቀየር ከ10 ሺሕ ዶላር በላይ ሲጠየቅ የዚያን ቀን ይገባዋል። የመጀመሪያው ባለቤት የሸጠው የመክፈያው ቀን ሊደርስበት ስለ ነበር ነው፤ ዕዳ ያልኩትም ይህንኑ ነው።

የቀድሞ መካኒክ
በጥቅሉ «የጀርመን መኪና» እያልን ከምንወቅስ በሞተር በሞተሩ እንነጋገር። ባለ 10 ሲሊንደሩ ኤም 5 የቢየላ (የፒስተኑ ክንድ) ኩሽኔታው ያለ ጊዜው ይበላል። ከአየር ወደ ውኃ ማቀዝቀዣ የተሻገረው የመጀመሪያው የፖርሽ 911 በመካከለኛው ዘንጉ ላይ ያለው ኩሽኔታ ከተሰበረ ሞተሩን ሙሉ ይዞት ይሄዳል፤ በዚያው ዘመን የተሠሩት የ911 ዓይነቶች ቱርቦና ጂቲ 3 ግን ሌላ ሞተር ስለ ተገጠመላቸው ይህ አያሰጋቸውም። የመርሴዲሱ 6.2 ሊትር ኤኤምጂ ደግሞ ቀደም ብለው በተሠሩት ላይ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ብሎን ይሰበራል። እነዚህን በሽታዎች ለዓመታት ያላወቀ መካኒክ የለም። የ911ኑ ኩሽኔታ ፍሪሲዮን ሲቀየር ካምቢዮው ስለሚወርድ በዚያው ቀን አብሮ ይቀየራል። የታወቀ ዕዳ ከዋጋው ላይ ይቀነሳል፣ አለቀ።

ጸጥተኛው
ዕዳ መሆኑን ስላመኑልኝ አመሰግናለሁ።

የቀድሞ መካኒክ
እኔ «የታወቀ» አልኩ፤ እርስዎ ግማሹን ቆርጠው ጣሉት። ሰው ቤት ሲገዛም ጣሪያው መቼ እንደሚያረጅ ያሰላል፤ እንዲህ ያሰላውን ሰው ሞኝ ብሎ የሰደበው አላየሁም።

እቴ ቱርቦ (ሲልቨር ስፕሪንግ)
ሁሉም ሰው ዋስትናን እንደ ጠበል ይናገርለታል። እኔ አዲስ ገዝቻለሁ፤ የማን ሥራ እንደ ሆነች መናገሩን ትቼዋለሁ። በሁለተኛው ዓመት አንዲት የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ተበላሽታ፣ መለዋወጫው እስኪመጣ ሰባት ሳምንት ቆማብኛለች፤ ወርኃዊ ክፍያው ግን አንድም ቀን አልቆመም። በእርግጥ ለጥገናው አልከፈልኩም። ነገር ግን ጸጥተኛው ጋሼ፣ ያ የባንክ ብድር በእርስዎ አቆጣጠር የማን ዕዳ ይባላል?

ጸጥተኛው
የራስሽ ዕዳ ነው፤ ቢያንስ ስትፈርሚ መጠኑን አይተሽዋል።

ባለ ካምቢዮ
አዲስ ልግዛ ብንል እንኳ የሚሸጡልን ምንድን ነው? መርሴዲስ በ2022 ባቀረበው ሲ 63 ላይ ባለ 8 ሲሊንደሩን ባለ 4 ሊትር ሞተር አውጥቶ፣ ባለ 4 ሲሊንደር ባለ 2 ሊትር ከኤሌክትሪክ ሞተር ጋር አጣምሮ ከተተበት። ጉልበቱ ከ510 ወደ 680 ፈረስ ከፍ አለ፣ ክብደቱም ከ2 ቶን በላይ ሆነ። ወረቀቱን ላየ ሰው ትርፍ ይመስላል። እኔ ግን በወረቀት አልነዳም፤ ጠዋት ቁልፉን ሳዞር የሰፈሩን ውሻ የሚያስነሣው ያ ድምፅ የለበትም። ዐሥር ዓመት የሞላውን የምፈልገው ርካሽ ስለ ሆነ ብቻ ሳይሆን ያ ሞተር በአዲስ መልክ ስለማይመጣ ነው።

ጸጥተኛው
የሰፈሩን ውሻ ጠቀሱ፤ የሰፈሩንስ ሰው? ባለፈው በዓል ማርሚታውን አስወልቆ በቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ሲያጓራ የነበረው ሰው ከዚህ ቡድን አባላት አንዱ መሆኑን እናውቃለን። ቅዳሴው ገና አላለቀም ነበር።

ባለ ካምቢዮ
እኔ አልነበርኩም። የእኔ ማርሚታ ከፋብሪካ እንደ ወጣ ነው፤ ማየት ለሚፈልግ አሳያለሁ።

የካዛንቺሱ (አዲስ አበባ)
ከእናንተ የምለየው በአንድ ነገር ነው። እዚህ አገር ባለ 8 ሲሊንደር፣ «ቪኤይት» ሲባል ሰው የሚገባው የባለሥልጣን ላንድክሩዘር ስለ ሆነ፣ የባለ ካምቢዮን ጽሑፍ ሳነብ መጀመሪያ ሹመት ያገኙ መስሎኝ ነበር። ወደ ቁም ነገሩ ስመለስ፣ እኛ ዘንድ ክርክሩን መንግሥት ዘግቶታል፤ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከ2024 ጀምሮ ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል፤ ከዚያ በፊትም በአሮጌ መኪና ላይ የተጣለው ኤክሳይዝ ታክስ እስከ 500 በመቶ ደርሶ ነበር። የሌላ ሰው ዕዳ መግዛትም ቢሆን ዕድል ነው፤ እኛ እሱም ተነፍገናል።

ጸጥተኛው
መከልከሉ በጎ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለ ተቀመጠች፣ ያ የምታመልኩት ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው 6.2 ሊትር ሞተር በስስ አየር ምክንያት ጉልበቱን ሩብ ያህል እዚያው ትቶ ይነዳል። 457 ፈረስ ተብሎ የተሸጠው ሽቅብ ወደ እንጦጦ ሲወጣ 350 እንኳ መሙላቱን እጠራጠራለሁ። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አይተነፍስም።

እቴ ቱርቦ
ቱርቦ ያለው አብዛኛውን ያካክሳል፤ ስሜም ለዚህ ነው። ከዚህ ይልቅ እርስዎ ያን ሁሉ ጉልበት የት ይነዱታል? በቨርጂኒያ በሰዓት ከ85 ማይል በላይ የነዳ ሰው በግዴለሽ መንዳት ተከሶ እስራት ሊፈረድበት ይችላል። የእርስዎ ጸጥተኛ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ድምፅ ስለሌላት ፖሊሱ መብራት እስኪያበራ ድረስ ፍጥነትዎን አያውቁትም።

ጸጥተኛው
አንድ ጊዜ ብቻ ነው የደረሰብኝ።

ባለ ካምቢዮ
ቅጣቱን ከፍለው ጨረሱ ወይስ እሱም ለሚቀጥለው ገዢ የሚተላለፍ ዕዳ ነው?

የቀድሞ መካኒክ
ወደ መኪናው እንመለስ። የሚገዛ ሰው ካለ፣ ከመክፈሉ በፊት ከሻጩ ጋራዥ ሳይሆን ከሌላ ጋራዥ አስወጥቶ ያስመርምር፤ የሞተሩን ዘይት ናሙና ወደ ላብራቶሪ ይላክ፣ የኩሽኔታው ብረት በዘይቱ ውስጥ ካለ ውጤቱ ይናገራል። የጥገና ደረሰኝ የማያሳይ ሻጭ ካጋጠመው ደግሞ መኪናው ቢያብረቀርቅም ይተወው። ለመጀመሪያው ዓመት ከግዢው ገንዘብ አንድ አምስተኛውን ያህል ለብቻው ማስቀመጥ የእኔ ልማድ ነው።

ጸጥተኛው
ላብራቶሪ፣ ምርመራ፣ ለብቻው የሚቀመጥ ገንዘብ! ለታመመ ዘመድ የሚደረገውን ሁሉ ዘርዝረው ሲያበቁ «ዕዳ አይደለም» ይሉኛል።

ባለ ካምቢዮ
ዘመድ አሉ እንግዲህ። ቅዳሜ ጠዋት ማናሳስ ከተማ ያለችውን አንዷን መኪና ለማየት ስለምሄድ፣ የቀድሞው መካኒክ ጊዜ ካላቸው አብረውኝ ቢመጡ ደስ ይለኛል።

ጸጥተኛው
ቀለሟ ምንድን ነው?