ራስበሪ ፓይ በሪሞት ጀልባ ላይ፦ ሰርቮው ይንቀጠቀጣል፣ ፕሮግራሙ ሲሞት ሞተሩ አይቆምም

የጣና_ዳር_ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ባህር ዳር ነው። ከጓደኛዬ ጋር የጣናን ዳር ዳር እየሄደች የውሃውን ሙቀት የምትመዘግብ ትንሽ የሪሞት ጀልባ እየሠራን ነው። ሪሞቱ ፍላይስካይ አይ6 ነው፣ ውስጧ ያለው ደግሞ ራስበሪ ፓይ 4 የሚባለው ትንሽ ኮምፒውተር። ፓይው ከሪሲቨሩ (የሪሞቱን ሲግናል ከሚቀበለው) የሚመጣውን በጂፒአይኦ (የሲግናል መግቢያና መውጫ) ፒኖቹ ያነባል፣ ከዚያ የመሪውን ሰርቮ (መሪውን የሚያዞረውን ትንሽ ሞተር) እና የሞተሩን ኢኤስሲ (ፍጥነቱን የሚቆጣጠረውን ቦርድ) ራሱ ያዛል። እንዲህ ያደረግነው በኋላ ሪሞቱን ለቀን "ዳሩን ይዘሽ ሂጂ" እንድንላት ነው።

ሰርቮው ስቲኩን ሳልነካው ይንቀጠቀጣል። ጋዝ ስሰጥ ፓይው አንዳንዴ ሪስታርት ያደርጋል። በጣም ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው፤ ፕሮግራሙን ዘጋሁት፣ ሞተሩ መዞሩን ቀጠለ። ጠረጴዛ ላይ ስለነበረ ባትሪውን ነቀልኩ። ሐይቁ ላይ ቢሆንስ? ጣና እኮ ሱሪህን ሰብስበህ ገብተህ የምታወጣበት ኩሬ አይደለም።

የመሪውን ኮድ እኔ በአርፒአይ ጂፒአይኦ ላይብረሪ (ፒኖቹን ለማዘዝ ተዘጋጅቶ የሚገኝ ኮድ) ነው የጻፍኩት፣ ፒን 17 ላይ። የሞተሩን ጓደኛዬ በፒግፒዮ ጻፈው፣ ፒን 27 ላይ። ሰርቮው 5 ቮልቱን የሚያገኘው ከፓይው ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

እታለም_ኮድ፦
ሁለት ላይብረሪ መጠቀማችሁ ነገሩን ግልጽ አድርጎታል። ሰርቮ በየ20 ሚሊሰከንዱ አንድ ምት ይጠብቃል። ምቱ 1 ሚሊሰከንድ ከቆየ ወደ አንዱ ጎን፣ 2 ከቆየ ወደ ሌላው ይዞራል፣ 1.5 ላይ መሀል ይቆማል። ስለዚህ ምቱ በ11 ማይክሮሰከንድ ብቻ ቢዛነፍ መሪህ አንድ ዲግሪ ያህል ይነቃነቃል። ያንተ ላይብረሪ ጊዜውን የሚቆጥረው በሶፍትዌር ነው፣ ሊኑክስ (የፓይው ኦፕሬቲንግ ሲስተም) ደግሞ ሌላ ሥራ በመጣበት ቁጥር ቆጠራህን አቋርጦ ሄዶ ይመለሳል። መንቀጥቀጡ ከዚያ ነው። ፒግፒዮ በዲኤምኤ (ፕሮሰሰሩን ሳይጠብቅ በሚሠራ ሃርድዌር) ስለሚቆጥር ይህ ችግር የለበትም። ፓይ 5 ላይ ግን አይሠራም፣ እዚያ ፒኖቹ አርፒ1 ወደሚባል ሌላ ቺፕ ተዛውረዋል።

አሁን ወደ ሞተሩ። እሱን ያላቆመው ይሄው ፒግፒዮ ነው። ምቱን የሚልከው ስክሪፕታችሁ አይደለም፣ ዴመን የሚባለው ከጀርባ ለብቻው የሚሠራ ፕሮግራም ነው። ስክሪፕቱ ሲሞት ዴመኑ የመጨረሻዋን ትእዛዝ ይዞ ይቀጥላል። ፒሲኤ9685 የሚባለውን የሰርቮ ቦርድ ብትገዙም ያው ነው፣ የተሰጠውን ምት እየደገመ ይቀመጣል። ስለዚህ መሪውንም ወደ ፒግፒዮ ብታዞረው መንቀጥቀጡ ይጠፋል፣ ዋናው አደጋ ግን ባለበት ነው።

ብየዳ_ቤት፦
ልጄ፣ ከሁሉ በፊት ያንን የ5 ቮልት ሽቦ ከፓይው ላይ ንቀለው። ሪስታርቱ ከዚያ ነው የሚመጣው። ሰርቮ ጭነት ሲገጥመው ድንገት ብዙ ይስባል። ቮልቴጁ ከ4.63 በታች ሲወርድ ፓይው ስክሪን ላይ የመብረቅ ምልክት ያሳያል፣ ጀልባዋ ላይ ስክሪን ስለሌለ አታየውም እንጂ። ሰርቮውን ከኢኤስሲው ቢኢሲ (ለሰርቮ መብራት ከሚሰጠው ክፍሉ) አብላው። ለፓይው ለብቻው 5 ቮልት 3 አምፔር የሚሰጥ ኮንቨርተር ፈልግለት። ግራውንዱ (የነጌቲቩ ሽቦ) ግን የሁሉም አንድ ይሁን፣ ያለዚያ ምቱን ማንም አያነበውም።

ሌላው የሪሲቨሩ ሽቦ ነው። የፓይ ፒን 3.3 ቮልት ብቻ ነው የሚችለው፣ 5 ከገባበት ሊቃጠል ይችላል። ሪሲቨርህ የትኛውን እንደሚያወጣ በተራ ቴስተር ታውቀዋለህ። ስቲኩን መሀል ላይ አድርገህ የሲግናሉን ሽቦ በዲሲ ለካ። 0.25 ቮልት አካባቢ ካየህ 3.3 ነው፣ 0.37 አካባቢ ካየህ 5 ነው። ቴስተሩ የሚያሳይህ አማካዩን ስለሆነ ነው፣ ምቱ ከ20 ሚሊሰከንድ ውስጥ 1.5 ብቻ ነው የሚቆየው። 5 ከሆነ በ1 ኪሎ ኦምና በ2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አካፍለው።

ሞዴል_አብራሪ፦
ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምለው ግን ፓይው ከስቲክህና ከሞተርህ መሀል ብቻውን መቆም የለበትም። ፓይ ኮምፒውተር ነው፣ ስታክ ያደርጋል፣ ሚሞሪ ካርዱ ይበላሻል። መሀል ላይ አንድ አርዱይኖ ናኖ (አንድ ፕሮግራም ብቻ የሚያሄድ ትንሽ ቦርድ) አስገባ፣ ሰርቮውንና ኢኤስሲውን እሱ ይዘዝ። ሪሞቱ ላይ ካሉት ስዊቾች አንዱን ለቻናል 5 ስጠው። ስዊቹ ወደ ላይ ሲሆን ናኖው የሪሲቨሩን እንዳለ ያሳልፋል። ወደ ታች ሲሆን ፓይውን ይሰማል፣ ግን ፓይው በሕይወት መኖሩን እስካሳየ ድረስ ብቻ። ለዚህ አንድ ፒን በየ100 ሚሊሰከንዱ ከፍ ዝቅ ይበል፣ ናኖው ግማሽ ሰከንድ ለውጥ ካጣ ጋዙን ዜሮ ያድርግ። ልብ በል፣ ያቺን ፒን የሚቀያይራት ዋናው ሉፕህ ይሁን። ለፒግፒዮ ዴመን ከሰጠሃት ስክሪፕቱ ሞቶም "አለሁ" እያለች ትቀጥላለች!

የሪሞቱንም ፌልሴፍ (ሲግናል ሲጠፋ ሪሲቨሩ የሚልከውን ቁጥር) ሙላው። ብዙ ሪሲቨር ሲግናል ሲጠፋ ዝም አይልም፣ የመጨረሻውን ቁጥር መላኩን ይቀጥላል። ፌልሴፉ ላይ ጋዙ ዜሮ መሆኑን አረጋግጥ።

ስለ አንቴናው ደግሞ፣ የሚሠራው ጫፉ ላይ የተላጠው 3 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ቀጥ አድርገህ ከውሃው በቻልከው መጠን ከፍ አድርገው። 2.4 ጊጋኸርትዝ በውሃና በእርጥብ ተክል ውስጥ ቶሎ ይዳከማል። ከደንገሉ ጀርባ ከዞረች ክፍት ውሃ ላይ የምታገኘውን ርቀት አትጠብቅ። እንቦጭ ያለበት ቦታማ ጭራሽ አትላካት፣ ሥሩ ፕሮፔለሩ ላይ ከተጠመጠመ ሞተሩም ኢኤስሲውም ይነዳል።

የጣና_ዳር_ልጅ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እህቴም ወንድሜም። በቴስተር ለካሁት፣ 0.25 አካባቢ ነው፣ ሬዚስተር አያስፈልገኝም ማለት ነው። ናኖም አለን። እሱን ከፓይው ጋር ነው ከሰርቮው ጋር የማበላው?

ሞዴል_አብራሪ፦
ከሰርቮው ጋር፣ ከቢኢሲው። ፓይው መብራት ሲያጣ እሱ መሥራት አለበት። ናኖው ራሱ 5 ቮልት ነው፣ ከእሱ ወደ ፓይው የሚመለስ ሽቦ ካለህ ያኔ የጋሼን ሬዚስተሮች ተጠቀም። ከፓይው ወደ ናኖው የሚሄደው 3.3 ግን ይበቃዋል።

እታለም_ኮድ፦
የመጀመሪያውን ሙከራ ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ አድርጉት፣ ኋላዋ ላይ የዓሣ ማጥመጃ ክር አስራችሁ። ዳር ላይ ቆማችሁ መጀመሪያ ስዊቹ ወደ ላይ ሆኖ ሪሞቱን አጥፉት፣ ቀጥሎ መልሳችሁ አብርታችሁ ስዊቹን ወደ ታች አድርጉና ስክሪፕቱን ግደሉት፣ በመጨረሻ የፓይውን መብራት ንቀሉ። በሦስቱም ጊዜ ሞተሩ ከቆመ ክሩን ፍቱት።