የደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ አመፅ «ኩርፊያ» ነበርን?

ዘአካለ፦
ትናንት ማታ በሬዲዮ የቀረቡ አንድ ምሁር የኤርትራው የአካለ ጉዛይ አለቃ ደጃዝማች ባሕታ ሐጎስ በጣልያን ላይ ስላነሡት አመፅ ተጠይቀው «እሱማ የአንድ ሹመኛ ኩርፊያ ነበር» ብለው አለፉት። በታኅሣሥ 1887 ዓ.ም. ሰገነይቲ ላይ የጣልያኑን ሹም ሌተናንት ሳንጊኔቲን ያሰረ፣ የቴሌግራፍ ሽቦ የቆረጠ፣ 1 ሺህ 600 ያህል ሰው ያስከተለ አመፅ በየትኛው ሚዛን ኩርፊያ እንደሚባል የሚያስረዳኝ ካለ በትዕግሥት እጠብቃለሁ።

ነጋሽ፦
ቃሉ ቢያስቆጣም ከእውነት የራቀ አይደለም። ሰውየው ጣልያን ወደ ደጋው ሲወጣ አብሮ የዘመተ፣ ሹመትም የተቀበለ ነው። አምስት ዓመት ባንዳ ሆኖ ኖሮ ድንገት አርበኛ የሆነበትን ምክንያት የመጠየቅ መብት አለን።

ዘአካለ፦
«ሰውየው» ያሏቸው ደጃዝማች ከዐፄ ዮሐንስ መኳንንት ጋር ደም ተቃብተው ለዓመታት ሸፍተው ስለነበር ያን ጊዜ ወደ ጣልያን መጠጋታቸው አይገርምም። ምክንያቱን ከፈለጉ ግን መሬቱን ይመልከቱ። በክፉ ቀን ከብቱ አልቆበት ቆላ የወረደ ገበሬ ሲመለስ ርስቱ «ባለቤት የሌለው» ተብሎ የመንግሥት ሆኖ፣ ባሮን ፍራንኬቲ ላመጧቸው የጣልያን ገበሬዎች ተመትሮ ጠበቀው። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሄክታር እንዲህ ሲወሰድ ዝም ያለ አለቃ በአገሩ ሰው ፊት ምን ክብር ይቀረዋል?

የመረብ ልጅ፦
መሬቱን አልክድም፤ ነገር ግን መሬት መወሰድ የጀመረው ቀደም ብሎ ሲሆን አመፁ የተነሣው በ1887 ነው። በመካከሉ የተለወጠው ፖለቲካው ነው። የትግራዩ ራስ መንገሻ ከጣልያን ጋር መወዳጀቱን ትተው በሰኔ 1886 አዲስ አበባ ወርደው ለዐፄ ምኒልክ ገቡ። ባሕታም ከመንገሻ ጋር ሲላላኩ ነበርና አሁን ከኋላ ደጀን ያገኙ መሰላቸው።

ነጋሽ፦
እንግዲያው እኔን ደገፉኝ፤ የራሱ ሳይሆን የሌላ ሰው ጥሪ ነው ያስነሣው ማለት ነው። የካቶሊክ ላዛሪስት ሚሲዮኖችም በዚያው ዓመት የተባረሩት በከንቱ አይደለም።

የመረብ ልጅ፦
ጣልያን ሚሲዮኖቹን ያባረረው ፈረንሳዮች ስለሆኑና በአመፁ ስለጠረጠራቸው ነው። ባሕታ ካቶሊክ መሆናቸው ርስታቸውን የሚወዱበትን ልብ አይቀንሰውም። «ጥሪ» ካሉ ደግሞ ምኒልክ ከጣልያን ጋር የተዋዋሉትን የውጫሌን ውል ያንብቡ። አንቀጽ 17ን ሁላችንም በቃላችን እንወጣዋለን፤ ሐላይን፣ ሰገነይቲንና አስመራን በስም ጠርቶ ለጣልያን የሰጠውን አንቀጽ 3 ግን የሚያነሣ የለም።

ነጋሽ፦
ውሉ ሲፈረም ዐፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ሁለት ወር አልሞላም ነበር። ምኒልክ በእጃቸው ያልነበረውን አገር ሰጡ ብሎ መክሰስ ቀላል ነው።

ዘአካለ፦
በእጅ ያልነበረውን መስጠትስ ምን ይባላል? ደጃዝማች ሐላይ ላይ የካፒቴን ካስቴላትሲን ጥቂት ጦር ሲያጠቁ የጣልያኑ ሻለቃ ቶዜሊ ከኋላ ደረሰባቸውና ወደቁ። ራስ መንገሻ ከጣልያን ጋር ኳቲት ላይ የገጠሙት በጥር ነው፤ ይኸውም ባሕታ ከተቀበሩ በኋላ። ከሁለቱ ያኮረፈው የትኛው እንደሆነ ለእርስዎ ልተወው።

ነጋሽ፦
ስለ አንቀጽ 3 ነገ እመለስበታለሁ። ኩርፊያ የሚለውን ግን አላነሣም።