በኅዳር ሚካኤል ቆሻሻ የሚቃጠለው ለምንድን ነው?

የሰባ ደረጃዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኛ ሰፈር ኅዳር 12 ሲደርስ ሁሉም ግቢውን ጠርጎ፣ ደረቅ ቅጠሉንም አሮጌ ጨርቁንም ሰብስቦ በር ላይ ያነዳል። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ጭስ በጭስ ይሆናል። ልጄ ታዲያ «ቅዱስ ሚካኤል ጭስ ይወዳል እንዴ?» ብላ ያዘችኝ። «ኅዳር ሲታጠን ነው» ብትላት አትለቅም፣ ለምን ይታጠናል ትላለች። ነገሩ በየዕለቱ የቅዱሳን ታሪክ በሚነበብበት መጽሐፍ፣ በስንክሳር ላይ አለ ወይስ የከተማ ልማድ ነው? ለልጅ የሚነገር ታሪክ ያላችሁም ወዲህ በሉ።

አራዳ ጊዮርጊስ ጀርባ፦
እህቴ፣ በዓሉ የቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሳቱ ግን የሕዝብ ነው። ኅዳር 12 ሚካኤል የመላእክት አለቃ ሆኖ የተሾመበት፣ እስራኤልንም ከግብፅ መርቶ ማውጣቱ የሚታሰብበት ቀን ነው። ቆሻሻ አቃጥሉ የሚል እዚያ የለም።

የአዲስ አበባ ሰው ኅዳርን ከጭስ ጋር አጥብቆ ያያያዘው በ1911 ዓ.ም. ነው። ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ከተማችን ገብቶ ሕዝቡን የፈጀው በዚያ ወር ነው፣ ስሙም «የኅዳር በሽታ» ሆኖ ቀረ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት የቆመው ኅዳር 2 ነው፤ አውሮፓ ሰላም ወረደ ብሎ ሲደሰት እዚህ ቀባሪ ጠፍቶ ነበር። ራስ ተፈሪ እንኳ በጠና ታመው ነው የተረፉት። ሐኪሙ በጣት የሚቆጠር፣ መድኃኒቱም የሌለ፤ ሰው በእጁ የነበረው ጸሎትና ጭስ ነው። መቅሠፍቱ ሲበርድ ምሕረቱን ከሚካኤል ቆጠረው፣ እሳቱም በየዓመቱ ቀጠለ። ለልጅሽ ይህንንም ንገሪያት፣ አይከብዳትም። በየቤቱ ሰው የሞተበት የዚህ ከተማ ታሪክ ነው፤ እኛ ግን ከጭሱ በስተቀር ሌላ መታሰቢያ አላቆምንለትም።

ካዛንቺስ፦
አያቴ ደግሞ ከበሽታው በፊትም ይታጠን ነበር ትል ነበር። ክረምት ወጥቶ ውሃው ሲቋጥር ወባ የሚበረታበት ጊዜ ስለሆነ አይገርመኝም።

የሰንበት ተማሪ፦
ለልጅ የሚሆነውን እኔ ልንገርሽ፣ የኅዳር 12 ታሪክ ነው፣ የዱራታዎስና የቴዎብስታ። ባልና ሚስት ናቸው፣ በየወሩ በ12 የሚካኤልን በዓል አክብረው ድኻ ያበላሉ። አንድ ጊዜ ክፉ ቀን መጣና ቤታቸው ባዶ ሆነ። በዓሉ ደረሰ፣ የሚሸጥ ነገር የለም፤ በመጨረሻ ለበዓል የሚለብሱትን ልብስ ይዞ በግ ሊገዛ ወጣ። መንገድ ላይ ሚካኤል መኰንን መስሎ አገኘው። ልብስህን አትሽጥ፣ በጉንም ዓሣውንም በእኔ ስም በዱቤ ውሰድ፣ ዓሣውን ግን እኔ ሳልመጣ አትክፈተው አለው። ቤቱ ሲመለስ ጎተራው ሞልቶ፣ ማድጋው ሞልቶ አገኘው! ከዚያ እንግዳው መጣ፣ የዓሣው ሆድ ሲከፈት 300 የወርቅ ዲናር። ከዚህ ላይ ዕዳችሁን ክፈሉ፣ የቀረው የእናንተ ነው አላቸው። ማን እንደሆነ የነገራቸው በመጨረሻ ነው።

እኔ የምወድለት ዱቤውን ነው። መልአክ ሆኖ ሳለ የበጉንና የዓሣውን ባለቤት ዋጋ አልረሳም። ልጆች ግን ዓሣው ላይ ነው ዓይናቸው የሚፈጠው፣ ስለዚህ እዚያ ጋ ቆም በይ።

የሰባ ደረጃዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ባሕራን የሚባለውም የኅዳር ነው?

የሰንበት ተማሪ፦
የለም፣ እሱ የሰኔ ሚካኤል ነው። ባለጸጋው ሕፃኑን በሣጥን አድርጎ ባሕር የጣለው፣ ካደገ በኋላም «ይህን የያዘውን ግደሉት» የሚል ደብዳቤ ያስያዘው፤ ሚካኤል ደብዳቤውን ለውጦ ልጁን ለሞት ሳይሆን ለሠርግ አደረሰው። ለሰኔ አቆይላት።

ካዛንቺስ፦
አንድ ነገር ብቻ አደራ። ድሮ የሚነደው ቅጠልና ጭራሮ ነበር፣ አሁን ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ አብሮ ይነዳል። ጎረቤቴ አስም አለባት፣ በዚያ ቀን በሯን ዘግታ ነው የምትውለው። ፕላስቲኩን ለይታችሁ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ስጧቸው።