በእጅ ሲገለበጥ ስህተት አይገባም ነበር?

ጥያቄ፦ ሰላም ወገኖች። አዲስ ኪዳን ማተሚያ ሳይኖር ስንት መቶ ዓመት በእጅ ሲገለበጥ ኖሯል። ገልባጩ ደክሞት ዓይኑ ቢስትስ? ከልቤ ነው የምጠይቀው።

መልስ፦ ስህተትማ ይገባል ወንድሜ። የጥንቶቹ የግሪክ ቅጂዎች በቃላት መካከል ክፍተት የላቸውም፣ ፊደሉ ተያይዞ ነው የሚሄደው። 1ኛ ዮሐንስ 2፥23ን ተመልከት። በአማርኛው አይታይም እንጂ በግሪኩ የጥቅሱ ሁለቱም ግማሾች የሚያልቁት በተመሳሳይ ቃላት ነው። ገልባጩ የመጀመሪያውን ጽፎ ቀና ሲል ዓይኑ ሁለተኛው ላይ ያርፍና ግማሹ ይዘለላል፤ በብዙ የኋላ ቅጂዎች ይህ ግማሽ የለም። መዘለሉን ያወቅነው ሌሎች ቅጂዎች ስላሉን ነው!

መልስ፦ ልጨምርበት። ኮዴክስ ሲናይቲከስ የሚባለው የ4ኛው ክፍለ ዘመን ብራና በእርማት የተሞላ ነው። በዚያው ዘመን የነበሩም ከዘመናት በኋላ የመጡም አርመውታል። እኔን ይሄ አያስፈራኝም፣ ሰዎቹ ምን ያህል እንደተጨነቁበት ነው የሚያሳየኝ።

ጠያቂው፦ እግዜር ይስጥልኝ። የማርቆስ መጨረሻስ?

መልስ፦ እሱ ከበድ ይላል። ሲናይቲከስም፣ ቫቲካኑስ የሚባለው ሌላው ጥንታዊ የግሪክ ብራናም 16፥8 ላይ ያበቃሉ። አብዛኞቹ ሌሎች ቅጂዎች ግን እስከ 20 ይሄዳሉ። 12 ቁጥር ሙሉ ነው፣ የዓይን መሳት አይመስለኝም።